ለሱቅዎ ድረ ገጽ ቀለም ሲመርጡ

አንድ ነጠላ ዘርግተው ይዩ። ሰፊው ነጭ ነው፤ ዓይን የሚያርፈው ግን ጠርዙ ላይ ባለችው ጠባብ ጥለት ነው። ሸማኔው ነጩን ሁሉ በጥለት ቢሞላው ኖሮ ጥለቱ ባልታየ ነበር። የድረ ገጽ ቀለምም የሚመረጠው በዚሁ ዓይን ነው። እስቲ ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ቀሚስ ለሚሸጥ ሱቅ እንምረጥ።

መጀመሪያ ዕቃውን ይዩ። ቀሚሶቹ የራሳቸው ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ስላላቸው መደቡ ነጭ ወይም ክሬም ይሁን። ደማቅ ቀይ መደብ ላይ የተቀመጠ ነጭ ቀሚስ መልኩ ይለወጣል፤ ዋሽንግተን ሆና በፎቶ የምታዝ ደንበኛ ልብሱ ሲደርሳት ቅር ይላታል።

ቀጥሎ አንድ ዋና ቀለም ይያዙ። ደንበኛ ከለመደው ታፔላ ወይም መያዣ ከረጢት ቢወስዱት ይሻላል። ሐምራዊ ካማረዎት ግን ብዙ ሰው በዚያ ቀለም የሚያስበው ንግድ ባንክን መሆኑን አይርሱ።

ዲዛይነሮች 60፣ 30፣ 10 የሚሉት የድርሻ ልማድ አላቸው፦ 60 በመቶ መደቡ፣ 30 በመቶ አጋዥ ቀለም፣ 10 በመቶ ደማቁ። አሥሯ ጥለትዎ ናት፤ «ይዘዙ» ለሚለው ቁልፍ ያቆዩዋት። የቅናሽ ማስታወቂያውም፣ ርዕሱም፣ ስልክ ቁጥሩም በእሷ ከተቀባ ቁልፉን ማን ያገኘዋል?

አሁን ጽሑፉ ጋ ደረስን፤ ብዙ ድረ ገጽ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፊደላችን በትንሽ ጭረት ይለያያል። የ«ቡ» ቅጥያ ወገቧ ላይ፣ የ«ቢ» ደግሞ እግሯ ሥር ናት። ፈዛዛ ግራጫ ሲቀቡት ቀድማ የምትጠፋው ያቺ ቅጥያ ናት። የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ በጽሑፉና በመደቡ መካከል ቢያንስ የ4.5 ለ1 የብርሃን ንጽጽር ይጠይቃል፤ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ1 ይበቃል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። ንጹሕ ቀይ በነጭ ላይ 4 ለ1 ገደማ ስለሆነ ለተራ ጽሑፍ አይበቃም፤ ጠቆር ሲያደርጉት፣ ለምሳሌ በኮምፒውተሩ የቀለም ቁጥር የቀዩን መጠን ከ255 ወደ 192 ሲያወርዱት፣ ከ6 ያልፋል። ንጹሕ ቢጫ በነጭ ላይ 1.1 ለ1 እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ የሰንደቅ ዓላማውን ቀለማት ከወደዱ ቢጫውን ለጌጥ እንጂ ለጽሑፍ አይጠቀሙበት። ሁለት ቀለም ሲያስገቡ ንጽጽሩን የሚያሰሉ ነፃ መሣሪያዎች ኢንተርኔት ላይ አሉ።

«አለ» እና «አልቋል» የሚለውንም በአረንጓዴና በቀይ ነጥብ ብቻ አያሳዩ። በተለይ ከወንዶች መካከል እነዚህን ሁለት ቀለማት መለየት የሚቸገሩ አሉ፤ ቃሉን ራሱን ይጻፉት።

ሲያልቅ ስልክዎን ይዘው እኩለ ቀን ላይ ከደጅ ይውጡ። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሰው ገጹን ይክፈቱና መነጽር ለሚያደርጉ እናትዎ ይስጧቸው። «ቀሚስ ለማዘዝ የቱን ይነካሉ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ጣታቸው ከተንከራተተ ቁልፉ ዙሪያ ያለውን ቀለም ይቀንሱ፤ ቀጥታ ከሄደ የቀለማቱን ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍረው የቴሌግራም ገጽዎን ለሚሠራውም፣ ከረጢቱን ለሚያትመውም ይስጡ።