የዲፈረንሻል ክዳን አስተሻሸግ

ከሐረር በባቢሌ በኩል ወደ ጅጅጋ የሚጓዝ መኪና፥ ለኋላ ጎማዎቹ ኃይል የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ዘይቱ ቢንጠባጠብ፥ ጥርሶቹ ተፋጭተው በዳካታ ሸለቆ ይቆማል። ስለዚህ ክዳኑን ማሸግ በቸልታ የሚታይ ሥራ አይደለም።

የሚመረጠው ሲሊኮን የማርሽ ዘይት የማያበላሸው ነው። አስቀድሞ ዘይቱ ይቀዳል፤ አሮጌው ሲሊኮን ተፍቆ ሁለቱም ፊት ከቅባት ይጸዳል። ከዚያም ቀጭን መሥመር ሳይቋረጥ፥ ከቡሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል ይቀባል። ማብዛት ግን ጉዳት አለው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይቆረጥና ከዘይቱ ጋር ይዞራል። ቡሎኖቹም በተራ ሳይሆን በመስቀልኛ ይታሰራሉ።

ሲሊኮን የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት ወስዶ ነው፤ ስለዚህ በደረቅ ወራት ይዘገያል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሳይጠብቁ ዘይት መሙላት ድካምን ከንቱ ያደርጋል፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ።