ስለ ክረምት ጧት ዓሣ ማጥመድ

ክረምት ሲገባ የጉለሌ ሰው የሚያስበው ስለ ጃንጥላና ስለ ጭቃ ነው። እንጦጦ ጉም ለብሶ ሳለ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ዓሣ ለማጥመድ ወደ ሐይቅ የሚሄድ ተማሪ ቢገኝ «ምን ነካው?» መባሉ አይቀርም። ይሁን እንጂ የዕረፍቱ ጊዜ የሚገኘው በክረምት ነውና፣ መሄዱ ካልቀረ እንዴት መሄድ እንደሚገባ መማር ይጠቅማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ዓሣ አጥማጅ ጧቱን ማቀድ ያለበት በራሱ ምቾት ሳይሆን በዓሣው ኑሮ መሆኑን ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ቦታውን እንምረጥ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የዝዋይ ሐይቅ ይገኛል፤ ደንበልም ይባላል። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ በአማካይ ከ2.5 ሜትር ብዙ አያልፍም። እንዲህ ያለውን ውሃ ነፋስ ቶሎ ያናውጠዋልና ጸጥ ያለ ጧት ይመረጣል። ስለዚህ በዋዜማው ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍሮ፣ በሞጆና በመቂ አልፎ፣ ባቱ ከተማ ማደር ግድ ነው። ባቱ ከጉለሌ ይልቅ ቆላ ስለሆነ ከካፖርቱ ይልቅ አጎበር ይታሰብበት። በባዶ እግር ውሃ ውስጥ መግባት ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል። ጉማሬም ሌሊት ሲግጥ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳልና፣ በጨለማ ዳርቻው ላይ መንጎራደድ አይገባም። የትኛው ቦታ ደኅና እንደሆነ የአገሩን ዓሣ አጥማጆች በአክብሮት መጠየቅ ይበጃል።

ቀጥሎ ዓሣውን እንወቅ። በዝዋይ ከሚያዙት ዋና ዋናዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲሆኑ ጠባያቸው ለየቅል ነው። አምባዛ ምግቡን የሚፈልገው በይበልጥ በሌሊት ነው፤ ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ገና ብርሃን እንደሆነ፣ በመንጠቆው ላይ ትል ወይም ቁራጭ ሥጋ አድርጎ እርሱን መሞከር ነው። ቆሮሶ ግን በውሃው ውስጥ ያለውን ደቃቅ አረንጓዴ ዕፅ ቀን ቀን እየበላ ይኖራል፤ ጧት ሆዱ ባዶ ነው፤ ፀሐይ ስትሞቅ መመገብ ይጀምራል። እንግዲያውስ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ትሉን በዳቦ ሊጥ መለወጥ ይገባል። ይህን ሳያውቅ የወጣ ሰው ዓሣው ሊበላ ሲጀምር እርሱ ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን ይሰበስባል።

የቆሮሶ አስደናቂ ነገር ግን ሌላ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ጉድጓድ ይምሳል፤ ሴቷ እዚያ ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ ለቅማ በአፏ ትይዘዋለች። ተፈልፍሎ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ፣ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ምግብ እምብዛም ሳትቀምስ ትቆያለች። ስለዚህ እንዲህ ያለችው እናት መንጠቆ የምትነክሰው ከስንት አንዴ ነው፤ መረብ ግን እናትም ጫጩትም አይለይም። ለተማሪ መንጠቆ የሚሻለው ስለዚህ ነው።

ይህ ተራ ርኅራኄ እንዳይመስለን ጣናን እንመልከት። በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙት የጣና ትልልቅ የባርበስ ዓሦች በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጆች በዚያ ወቅት መረባቸውን በወንዞቹ አፍ ላይ ዘረጉ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በባሕር ዳር በኩል የተደረገው ጥናት እንዳሳየው የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ጥፋቱ ከማጥመዱ ብቻ አልመጣም፤ ጊዜውንና ቦታውን ካለመለየት ጭምር እንጂ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ም ሀብቱን በሕግ ለመጠበቅ ታስቦ የወጣ ነውና፣ ከመሄድ በፊት በአካባቢው የተፈቀደውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጓደኞች፣ ዕቅዱ እንዲህ ይሁን፤ በዋዜማው መድረስ፣ ብርሃን ሲሆን መጀመር፣ ትንንሾቹን ወደ ውሃው መመለስ፣ ለምሳ የሚበቃው ሲያዝ መንጠቆውን መጠቅለል። 4 ሰዓት ላይ ሥራው ይፈጸማል፤ የከሰዓቱ ዝናብም ሳይጀምር የመልሱን መኪና ለመያዝ ይደረሳል። ዘንቢሉ ባይሞላም አያሳፍርም፤ ሐይቁ ውስጥ የቀረው ለከርሞ ተማሪም ይበቃል።