ነጠላ ለምን ነጠላ ተባለ?

ንባብ ስንማር «፣» ነጠላ ሰረዝ፣ «፤» ድርብ ሰረዝ እንደሚባሉ አይተናል። የምንለብሰው ነጠላም ስሙ ከዚሁ ቃል ነው። ነጠላ ማለት ያልተደረበ ማለት ነው። ሸማው ሲደረብ ኩታ ይሆናል። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው፤ የሱሉልታን ብርድ የሚችለው ለዚህ ነው።

ነጠላ ስስ ነው፤ ሥራው ግን ቀላል አይምሰላችሁ። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመወርወሪያ ያመላልሳል፤ ከዳር ጥለት ያገባበታል። ዛሬ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ ልብሱ ይለሰልሳል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

እንግዲህ ከእንጦጦ ወርዳችሁ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ስትገዙ፣ ጥጥ ነው ተብሎ ሰው ሠራሽ ክር እንዳይሸጥላችሁ ተጠንቀቁ። ከጫፉ ከድሩ አንድ፣ ከማጉም አንድ ክር ምዘዙ። ከልብሱ ራቅ ብላችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ሲቃጠል እንደ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ሰው ሠራሹ ግን ይቀልጣል፤ ሲበርድም እንደ ጠጠር ይደርቃል። አንዱ ክር ብቻ ከቀለጠ ልብሱ ቅልቅል ነው፤ ዋጋውን በዚያው ልክ ተከራከሩ። ሻጩ «ክር አላስመዝዝም» ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ፤ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሻጭ ሞልቷል።