የየዕለት ጸሎት

እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ መናን የሚለቅሙት በየማለዳው ነበር። ፀሐይ ሲተኵስ ይቀልጣል፤ ከሰንበት ዋዜማ በቀር ለነገ ብሎ ያሳደረውም ሰው ተልቶና ሸትቶ ያገኘው ነበር (ዘጸ. 16)። የነፍስም ምግብ እንዲሁ ነው፤ ትናንት የጸለየ ዛሬ ይርበዋል።

ስለዚህ አባቶቻችን ለጸሎት ሰዓት ወሰኑለት፤ ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋም፥ መንፈቀ ሌሊት ብለው በ7 ጊዜ ከፈሉት። መዝሙረ ዳዊትም ሰኞ ከ1 እስከ 30፥ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እየተባለ ቅዳሜ 150ው ይፈጸማል፤ ለእሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይቀራሉ።

ነገር ግን፥ ወንድሞቼ ሆይ፥ ዳዊትን በቃሉ የያዘ ሰው ከማያውቀው ይልቅ ለቸልታ የቀረበ ነው። ይህን የምለው በራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው። አንድ ማለዳ የዕለቱን ድርሻ ደግሜ መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ ስመልስ፥ ከደገምኋቸው መዝሙራት አንዱን እንኳ ማስታወስ ተሳነኝ፤ አፌ ሲደግም ልቤ የቤቱን ወጪ ያሰላ ነበርና። ቍጥሩ ሞልቷል፤ መናው ግን አልተለቀመም። ከዚያ ወዲህ ከመጀመሬ በፊት ጥቂት በዝምታ እቆማለሁ፤ ልቡናዬ ሲባክን ባገኘው ጊዜም ያንኑ መዝሙር ከመነሻው እጀምረዋለሁ። ሁሉን ለማድረስ ጊዜ ያጠረው ምእመን ቢኖር፥ ወደ ሥራው ሳይወጣ አንድ መዝሙር ከአቡነ ዘበሰማያት ጋር በማስተዋል ያድርስ። ዳንኤል በባቢሎን የመንግሥት ሹም ሳለ በየቀኑ 3 ጊዜ ይንበረከክ ነበር (ዳን. 6)፤ ሥራውም ከእኛ ሥራ የቀለለ አልነበረም።