ላም ለመውለድ መቃረቧ የሚታወቅባቸው ምልክቶች

ላም ያለው ሰው ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲቀልባት ኖሮ፤ በምትወልድበት ሌሊት ተኝቶ ቢያድር ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ምጥ ጸንቶ የሚረዳት ስታጣ ጥጃው ይሞታል፤ ላሚቱም ትጎዳለች፤ ቤተ ሰቡም ወተቱን ያጣል። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ሹማምንትና የእርሻ ሠራተኞች የሚከተለውን ለአርቢዎች እንዲያስረዱ ይገባል።

በአዲስ አበባ ደቡብ፤ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፤ ላም የሚያረቡ ሰዎች በጠባብ ግቢ አስረው ይቀልባሉ። በገጠር ለመውለድ የደረሰች ላም ከመንጋው ተለይታ ትቆማለችና እረኛው በዚሁ ያውቃል። የታሰረች ላም ግን ይህን ልታሳይ አትችልም፤ ስለዚህ ቀኑን መቁጠርና ገላዋን መመርመር ያስፈልጋል።

፩ኛ፤ ስለ ቀን። የላም እርግዝና በአማካይ 283 ቀን፤ ማለት 9 ወር ከ13 ቀን ነው። መስከረም 1 ቀን የተጠቃች ላም ሰኔ 14 ቀን ገደማ ትወልዳለች። በመካከል ጳጉሜን ቢገባ የጳጉሜን ቀኖች ይቀነሳሉ። የተጠቃችበትን ቀን መጻፍ የሁሉ መጀመሪያ ነው።

፪ኛ፤ ስለ ምልክት። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀር ግቷ እየሞላ ይሄዳል፤ በጊደር ግን ቀደም ብሎ ይጀምራል። ብልቷ ያብጣል፤ ይላላል፤ ወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽም ይወርዳታል። ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው በጅራቷ ሥር ግራና ቀኝ ያለው ጅማት ነው፤ ይህ ላልቶ ጎድጎድ ሲል አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ትወልዳለች። በመጨረሻም መኖ ትተዋለች፤ ተኝታ ትነሣለች፤ ጅራቷን ታነሣለች። ያን ጊዜ ንጹሕ ጭድ አንጥፎ ማሰሪያዋን መፍታትና በዝምታ መጠበቅ ይገባል።

፫ኛ፤ ስለ ምጥ። በደኅና የሚወለድ ጥጃ ሁለት የፊት እግሮቹንና በላያቸው አፍንጫውን ያስቀድማል። የሽርት ውሃው ከታየ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ አምጣ ምንም ካልገፋ፤ ወይም አንድ እግር ብቻ ወይም ጅራት ብቻ ቢታይ፤ በጉልበት ከመጎተት ይልቅ የእንስሳት ሐኪም ሳይዘገይ ይጠራ። ገላዋ አነስተኛ የሆነ የአገር ጊደር ከፍሪዝያን ዘር ብታረግዝ ጥጃው ሊገዝፍባት ይችላልና ለእርስዋ ሐኪሙን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይበጃል።

፬ኛ፤ ከወለደች በኋላ። የጥጃው አፍና አፍንጫ ይጠረግ፤ እትብቱም አዮዲን ይቀባ። እንገሩን በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ውስጥ ይጥባ፤ ጥጃ በሽታን የሚቋቋምበትን ኃይል የሚያገኘው ከእንገር ነውና፤ ጊዜው ካለፈ አንጀቱ ያን ኃይል አይቀበለውም። እንገር ለጥጃ አይስማማም ብሎ አልቦ መድፋት ትልቅ ስሕተት ነው። የእንግዴ ልጁ እስከ 12 ሰዓት ጊዜ ካልወጣ በእጅ አይጎተት፤ ሐኪም ይየው። ላሚቱ ጆሮዋ ቀዝቅዞ መነሣት ቢያቅታትም እንዲሁ ፈጥኖ ሐኪም መጥራት ነው፤ በጊዜው ከታከመች ትድናለች።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ቀኑን መጻፍ፤ በየማታው የጅራቷን ሥር መዳሰስና አንድ ሌሊት መትጋት ነው።