ለደጋ ቤት የሚሆን የእንጨት ምድጃ እንዴት እንደሚመረጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ምሳሌ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። በእርግጥ የወጡ ጣዕም በጉልቻው አይለወጥም፤ ነገር ግን የሚነደው እንጨት ብዛት፤ የቤተ ሰቡ ጤና፤ የቤቱም ሙቀት በምድጃው ምክንያት ይለወጣል። ስለዚህ አገር ለማስተዳደር የተሾሙ ሹማምንትና ሰፊ ይዞታ ያላቸው ሰዎች ይህን ነገር የጓዳ ሥራ ብቻ ነው ብለው እንዳይንቁት፤ ለቤታቸው አዲስ ምድጃ ሲመርጡ፤ ሕዝቡንም ሲመክሩ ሊያውቁት የሚገባውን ከዚህ በታች በአጭሩ እንገልጻለን።

እንደ መንዝ፤ እንደ ደብረ ብርሃንና እንደ ደብረ ታቦር ባለው ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል፤ በብዙ ስፍራም ውርጭ ይወርዳል። በዚህ ወራት እሳት የሚነደው ለምግብ ብቻ ሳይሆን ለሙቀትም ነው። ነገር ግን በሦስት ጉልቻ መካከል በግልጥ የሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀቱ ከጢሱ ጋራ ወደ ላይ ያመልጣል። እንጨቱ እየራቀ ሲሄድ ሕዝቡ ኩበት ወደ ማንደድ ይመለሳል፤ ኩበትም በነደደ መጠን እርሻው ፍግ ያጣል። እንግዲህ የምድጃው ነገር የአዝመራም ነገር መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

የማገዶ ማነስ ከተማን እንኳ ሊያናውጥ እንደሚችል የራሳችን ታሪክ ያስረዳል። አዲስ አበባ በ1879 ዓመተ ምሕረት ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ስለ ተመነጠረ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱ በስፍራዋ እንድትጸና የረዳት ከውጭ አገር መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ ዛፍ መትከል የሥራው እኩሌታ ነው፤ የተተከለውን በቁጠባ ማንደድ ደግሞ ሌላው እኩሌታ ነው።

የጢሱም ጉዳት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2020 ዓመት በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶ ጢስና በመሰለው ምክንያት በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት በእሳቱ አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው።

አዲስ ምድጃ የሚመርጥ ሰው እነዚህን አምስት ነገሮች ይመርምር።

አንደኛ፤ ምድጃው ለምን ሥራ እንደሚፈለግ ይወስን። በ1980ዎቹ ዓመታት በአገራችን የወጣው ምርት የተባለው ምድጃ ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራ ነው፤ ከግልጥ እሳት ጋራ ሲነጻጸርም ማገዶውን እስከ እኩሌታ ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን እሳቱ በሲሚንቶው ግድግዳ ተከብቦ ሙቀቱ ወደ ምጣዱ ስለሚሄድ፤ ቤቱን እንደ ቀድሞው አያሞቅም። ይህን ሳይነግሩ ለደጋ ሰው ቢሰጡት፤ በማታ ብርድ ሲይዘው ወደ ጉልቻው ይመለሳል፤ በዚያን ጊዜ ሁለት እሳት ይነዳልና ቁጠባው ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ለደጋ ቤት የመጋገሪያውና የማሞቂያው ነገር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ከምን እንደ ተሠራ ይመልከት። የብረት ምድጃ ቶሎ ይሞቃል፤ እሳቱ ሲጠፋም ቶሎ ይበርዳል። ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚያገለግል ክፍል ይስማማል። በድንጋይና በጡብ የተሠራው ግን ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ብዙ ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። በሩስያ የቆየው የቤት ምድጃ እንዲህ ያለ ነው፤ በኮሪያም በቀድሞ ጊዜ ጢሱን ከወለሉ በታች አሳልፈው መኝታቸውን ያሞቁበት ነበር። ሌሊቱ ለሚበርድበት አገር ይህ ዓይነት የተሻለ ነው፤ ሆኖም ጢስ እንዳይሾልክ ስንጥቁን በየጊዜው መለሰን ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ መጠኑን ከቤቱ ጋራ ያስተካክል። ትልቅ ምድጃ ክብር ይመስላል፤ ነገር ግን በትንሽ ክፍል ውስጥ ሙቀቱ ስለሚበዛ ባለቤቱ የነፋስ መግቢያውን ዘግቶ እሳቱን ያፍነዋል። የታፈነ እሳትም ጢስና ጥቀርሻ ያበዛል። በመጠኑ ሆኖ ደኅና የሚነድ ምድጃ ይሻላል።

አራተኛ፤ የጢስ መውጫውን ይመርምር። ቧንቧው ቀጥ ያለና ከጣራው ጫፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ይሁን። በሣር ክዳን መካከል ማሳለፍ ግን ቤቱን ለእሳት መስጠት ነው። ምድጃው ከእንጨት ግድግዳና ከአልጋ 1 ሜትር ይራቅ፤ በቧንቧው የሚያዘው ጥቀርሻም ራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል በየጊዜው ይጠረግ።

አምስተኛ፤ ማገዶውን አስቀድሞ ያድርቅ። አሁን በተቆረጠ 10 ኪሎ እንጨት ውስጥ 5 ኪሎ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱም ቤቱን ከማሞቁ በፊት ያንን ውሃ በማትነን ይደክማል። እንጨቱ በበጋ ይፈለጥ፤ ክረምት ሳይገባ ከዝናብ በሚያድን፤ ነፋስ ግን በሚያሳልፍ ዳስ ሥር ይደርደርና ለሚመጣው ዓመት ይቆይ። ጫፉ የተሰነጣጠቀና ሁለቱ ፍልጥ ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ እንጨት ደርቋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊጠነቀቁለት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከሰል ጢስ የለውም ብሎ ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ፤ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሞትን ያስከትላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታም መልክም ስለሌለው የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅሰው ይገድለዋል። ይህን ለሕዝቡ በየስብሰባው ማስታወቅ የሹም ተግባር ነው።

ምድጃው ከተሠራ በኋላ ፈተናው ቀላል ነው። በአሮጌው ጉልቻ ለ7 ቀን የሚነደው እንጨት ይመዘን፤ በአዲሱም እንዲሁ ለ7 ቀን ይመዘን። እንጨቱ ካልቀነሰ፤ ወይም በሩ ተዘግቶ ጢስ ወደ ቤት ከገባ፤ ሠሪው እስኪያስተካክለው ድረስ የዋጋው እኩሌታ ሳይከፈል ይቆይ። እሳቱን የምታነደው ሴት ምን እንደምትል ሳይጠይቁ ግን መፍረድ አይገባም፤ ጉድለቱን ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው እርስዋ ናትና።

ሕዝብ ከቃል ይልቅ በዓይኑ ያየውን ያምናል። ስለዚህ ሹሙ በመጀመሪያ በራሱ ቤት ያሠራው፤ ጎረቤቱንም ጠርቶ ያሳየው። ከምድጃው የሚወጣውም አመድ አይጣል፤ አሲድ ለበዛበት የደጋ መሬት መድኃኒት ስለ ሆነ በጓሮው ይበተን። እንዲህ ከሆነ ማገዶ ይተርፋል፤ ኩበቱም ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ቤተ ሰቡም ያለ ጢስ ሞቆት ያድራል።