የኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ፣ የሩቅ ፋይልና የመብራት ነገር

በኮምፒውተር ክበባችን ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «16 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ያለው ማሽን ብዙም ሳንሠራበት ለምን ሞልቶ ይታያል?» ማሽኑ አልተበላሸም። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ማህደረ ትውስታ አይወድም፤ ያነበበውን ፋይል ቅጂ እዚያ ያኖራል፤ ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅ ደግሞ ይለቅለታል። ስለዚህ «ፍሪ» የተባለውን ትዕዛዝ ስትሰጡ «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ።

ነገሩ የሚከብደው ፋይሉ በማሽኑ ዲስክ ላይ ሳይሆን በብዙ ሰርቨሮች ተከፋፍሎ ሲቀመጥ ነው። ሴፍ የሚባለውን ሥርዓት እንውሰድ (ስሙ ኦክቶፐስ ከሚመደብበት የእንስሳት ወገን የተወሰደ ነው)። ካልተቀየረ በቀር ፋይሉን በ4 ሜጋባይት ይቆራርጥና እያንዳንዱን ቁራጭ በ3 ቅጂ ያስቀምጣል። ይሁን እንጂ ተማሪው የጻፈው ነገር፣ ፕሮግራሙ «አሁኑኑ ላክ» ብሎ ካላስገደደ፣ መጀመሪያ የሚቆየው እፊቱ ባለው ማሽን ማህደረ ትውስታ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ መብራት ቢጠፋ 3ቱም ቅጂዎች ገና አልተጻፉም።

ሊኑክስ ያልተላከው ጽሑፍ ሊገኝ ከሚችለው ማህደረ ትውስታ 10 በመቶ ሲደርስ መላክ ይጀምራል፤ 20 በመቶ ሲደርስ ጸሐፊውን ፕሮግራም ያስቆመዋል። 30 ሰከንድ የቆየውንም ለመላክ ይነሳል። እስቲ እናስላ፤ ወላጆችም ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። የ16 ጊጋባይት 20 በመቶ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። 20 ማሽኖች አንድ ላይ ቢሞሉ 60 ጊጋባይት ነው። ሁሉም የሚጋሩት የ1 ጊጋቢት መስመር በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ስለሚያስተላልፍ፣ ሁሉን ለማድረስ 9 ደቂቃ ያስፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር 9 ደቂቃ ብዙ ነው።

በመቶኛ ፈንታ «ደርቲ ባይትስ» በሚለው ቅንብር 256 ሜጋባይት ብንወስን፣ ያው ሥራ ከ1 ደቂቃ በታች ያልቃል። ትልቅ ቪዲዮ የሚገለብጥ ሰው ቶሎ ቶሎ መጠበቅ ይኖርበታል። ለተማሪ ማሽን ግን ይህን መጠበቅ እንመርጣለን።

ሌላው ቅንብር «ሚን ፍሪ ኪሎባይትስ» ነው። ጎተራ እስከ አፉ ከሞላ እህሉን ለማውጣት እንኳ መቆሚያ አይገኝም። እዚህም እንደዚሁ ነው፦ ጽሑፉን በኔትወርክ ልኮ የሰርቨሩን መልስ ለመቀበል ራሱ ማህደረ ትውስታ ይፈልጋል። መጠባበቂያ ከሌለ ማሽኑ ቦታ ለማስለቀቅ ቦታ ሲፈልግ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ይቆማል። በዚህ ምክንያት ቁጥሩን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። ከልክ ካለፈ ግን ሊኑክስ ማህደረ ትውስታ አለቀ ብሎ ፕሮግራሞችን መዝጋት ይጀምራል።

ሁለቱን ቅንብሮች በአንድ ቀን አትቀይሩ፤ የትኛው ምን እንዳመጣ አይታወቅም። አንዱን ቀይራችሁ፣ ትልቅ ፋይል እየገለበጣችሁ «ሚምኢንፎ» በተባለው ፋይል ውስጥ «ደርቲ» የሚለው መስመር እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ መዝግቡ።